የቤት ልማት በክስ ሲታገድ ወጪን የሚያንሩ ስህተቶች

አንድ የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት በፍርድ ቤት ሲከሰስ ወጪው ለምን እንደሚንር ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው የጠበቃ ክፍያን ነው። አልሚዎችም ለክስ የሚይዙት መጠባበቂያ በአብዛኛው ከዚሁ ሂሳብ አያልፍም። ከስህተቶቹ ሁሉ ከባድ የምለው ይህን ነው፤ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከመዘግየቱ ነውና። መሬቱ በብድር የተገዛ ከሆነ ሥራው ቢቆምም ወለዱ አይቆምም፤ የተቋራጩ የጨረታ ዋጋ የሚጸናበት ጊዜ ያልፍና በአዲሱ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ እንደገና መደራደር ግድ ይሆናል፤ የሠለጠኑት ባለሙያዎችም ወደ ሌላ ሳይት ይበተናሉ። ለምሳሌ በዓመት 10 በመቶ ወለድ 100 ሚሊዮን የተበደረ አልሚ ሁለት ዓመት ቢታገድና ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር እየተደመረ ቢሄድ ዕዳው 121 ሚሊዮን ይደርሳል። ፕሮጀክቱ 100 ቤቶች ያሉት ከሆነ፣ መሠረት እንኳ ሳይቆፈር በእያንዳንዱ ቤት ላይ 210 ሺህ ተጨምሯል ማለት ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው ሥራው በቆመበት በእያንዳንዱ ወር ምን ያህል እንደሚወጣ ተሰልቶ ሊያዝ ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሁለተኛው ስህተት፣ ከከሳሾች ጋር ለመታረቅ ሲባል የቤቶቹን ቁጥር ያለ በቂ ስሌት መቀነስ ነው። በዕርቁ 30 ቤቶች ቢቀነሱ ያው 21 ሚሊዮን ለቀሩት 70 ቤቶች ይካፈልና የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 300 ሺህ ያድጋል፤ የመሬቱ ዋጋና የመንገድ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር ወጪም እንዲሁ በጥቂት ቤቶች ላይ ይከመራል። ዕርቅ ከረጅም ሙግት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሚሻል መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሲሰሉ ነው።

ሦስተኛው ስህተት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናትን እንደ ፎርማሊቲ ቆጥሮ በችኮላ ማለፍ ነው። በእንዲህ ዓይነት ክርክር ፍርድ ቤት በአብዛኛው የሚመረምረው ፈቃዱ በሕጉ ሥርዓት መሠረት መሰጠቱን እንጂ ቤቶቹ አስፈላጊ መሆናቸውን አይደለም። በመሆኑም አንድ ያልተጠና ጉዳይ ሙሉ ፈቃዱን ሊያሽር ይችላል። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ከተማ ዩኒቨርሲቲው በፒፕልስ ፓርክ ሊሠራ ያቀደው የተማሪዎች መኖሪያ በ2021 ጸድቆ ሳለ፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነዋሪ ተማሪዎች ሊያሰሙ የሚችሉት ጩኸትና ሌሎች አማራጭ ቦታዎች በጥናቱ አልታዩም ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ሕግ አውጪው ሕጉን አሻሻለ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዩኒቨርሲቲው የፈረደው ግን በ2024 ነው። በመጨረሻ የረታው ወገንም ቢሆን ያለፉትን ዓመታት የሚክስለት የለም።

ይህን ሁሉ አይቶ ከሳሽን ሁሉ የልማት ጠላት አድርጎ መቁጠርም ስህተት ነው። ጎርፍ በሚያጠቃው መሬት ላይ ሊሠራ የነበረ መንደር በክስ ቢቆም፣ ያ ክስ ወጪ አልፈጠረም፤ በኋላ ነዋሪው ሊከፍለው የነበረውን ዕዳ አስቀድሞ አሳየ እንጂ። የአካባቢውን ነዋሪ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ከማስታወቅ ይልቅ ገና በንድፍ ደረጃ ማወያየት የሚረክሰውም ለዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ መስመር መለወጥ የቆመ ዓምድ እንደማፍረስ አይደለም።

ሌላው የሚዘነጋው የመክሰሻ ጊዜ ገደብ ነው። በእንግሊዝ የፕላን ውሳኔን በፍርድ ቤት ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ 6 ሳምንት፣ በአየርላንድ ደግሞ 8 ሳምንት ነው። በካሊፎርኒያ በአካባቢ ጥናት ላይ የሚነሳ ክስ ገደቡ የውሳኔው ማስታወቂያ ከቀረበ በኋላ 30 ቀን ሲሆን፣ ማስታወቂያው ካልቀረበ ወደ 180 ቀን ይራዘማል። አንዲት ወረቀት በወቅቱ ባለማስገባት የስጋቱን ዘመን ስድስት እጥፍ ማድረግ በቀላሉ ሊወገድ የሚችል ጥፋት ነው። ገደቡ ሳያልፍ ቁፋሮ መጀመርም አያዋጣም፤ በመሃል ዕግድ ቢመጣ የተከራየ ማሽን ያለሥራ ቆሞ ይከፈልበታል፣ የተቆፈረውም ጉድጓድ ድጋፍና ጥበቃ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ከተቋራጩ ጋር የሚፈረመው ውል ነው። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሥራ ቢቆም የማሽን ኪራዩን ማን እንደሚሸፍን፣ የዋጋ ማስተካከያው በምን እንደሚሰላና ከስንት ወር በኋላ ውሉን ማቋረጥ እንደሚቻል በግልጽ ካልተጻፈ፣ አልሚው ከጎረቤቶቹ ጋር የጀመረውን ክርክር ሳይጨርስ ከራሱ ተቋራጭ ጋር ሌላ ክርክር ይከፍታል።