የእንግሊዝኛ፣ የታሪክና የግብረ ገብ የዕለት ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት፦ በጎጃም ላሉ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለሱፐርቫይዘሩ ፊርማ ሲባል ብቻ የሚሞላ ቅጽ ከሆነ መምህሩን ከማድከም በቀር ለተማሪው የሚፈይደው ነገር የለም። ዕቅድ ጥቅም የሚሰጠው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተማሪው ቀድሞ የማይችለውን ምን ሊሠራ እንደሚችል በግልጽ ሲናገር ነው። ስለዚህ በዓላማው ረድፍ «ተማሪዎች ስለ ገበያ ይረዳሉ» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ መረዳታቸውን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልምና። «ተማሪው የሦስት ዕቃዎችን ዋጋ በእንግሊዝኛ ጠይቆ መልሱን በደብተሩ ይጽፋል» የሚለው ግን ደወሉ ከመደወሉ በፊት የሚታይ ሥራ ነው።

ከዕለቱ ዕቅድ በፊት ዓመታዊው ዕቅድ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ሊገናዘብ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ፣ እንዲሁም በየሳምንቱ የገበያ ቀን፣ ብዙ ልጆች ከብት ለመጠበቅ ወይም ወላጆቻቸውን ለማገዝ ከትምህርት ይቀራሉ። አዲስ ምዕራፍ በገበያ ቀን የሚጀምር መምህር በማግሥቱ ያንኑ ትምህርት መድገሙ ስለማይቀር፣ ለእነዚህ ቀናት ክለሳ፣ ንባብና የክፍል ሥራ ቢመድብ ይሻለዋል።

ከሦስቱ ትምህርቶች ብዙ ዝግጅት የሚጠይቀው እንግሊዝኛ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የገጠር ተማሪ ቋንቋውን ከክፍል ውጭ አይሰማውም። ለአራተኛ ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። መምህሩ ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ለብር ምትክ የሚሆኑ የጠርሙስ ቆርኪዎች ይዞ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ቁጥሮችን ይከልሳል፤ ቀጥሎ ለአሥር ደቂቃ ያህል «ሃው መች ኢዝ ዚስ?» የሚለውን ጥያቄና መልሱን ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ፣ ዕቃውን በእጁ ይዞ እየጠየቀና እየመለሰ ያሰማል። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች የተማሪዎቹ ናቸው፤ አንዱ ሻጭ፣ ሌላው ገዥ እየሆነ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነጋገራሉ፣ ቦታም ይለዋወጣሉ። ጽሕፈት የሚመጣው በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ብዙዎቻችን ሰሌዳውን ሞልተን ማስገልበጥ እንጀምራለን፤ ነገር ግን ልጁ በጆሮው ያልሰማውንና በአፉ ያላለውን ቃል ሲገለብጥ የሚማረው የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነው።

በጋራ ማስባልን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጆቻችን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ በኅብረት እየተቀጸሉ (መምህሩ ያለውን ጮክ ብለው እየደገሙ) መማርን ያውቁታል፤ ይህም ድምፅን ለማስለመድና የሚያፍሩትን ለማደፋፈር ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲመልስ አሥሩ ብቻ የሚያውቁት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለብቻቸው የሚጠየቁ የስድስት ተማሪዎች ስም በዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከስድስቱም አብዛኞቹ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ይሁኑ። በማግሥቱ ሌሎች ስድስት ይመረጣሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እንደሚያስቀጽለው ሁሉ፣ ፈጠን ያለውን ተማሪ ከደከመው ጋር ማጣመርም በዕቅድ የሚሠራ ነገር ነው።

የትኛው ስህተት እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅም የዕቅዱ አካል ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ በ«ስ» ድምፅና በሌላ ተነባቢ የሚጀምር የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥመው፣ «ስኩል» የሚለውን «እስኩል» እንደሚለው ሁሉ ከፊቱ «እ» ይጨምራል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አናባቢዎቹን የሚዘልል ተማሪም ብዙ ነው። እነዚህን ለማረም በየክፍለ ጊዜው ሦስት ደቂቃ መመደብ በወሩ መጨረሻ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከመስጠት የበለጠ ውጤት አለው።

ታሪክ በታችኞቹ ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ስለሚገባ፣ ዕቅዱ ከልጁ ቀዬ ተነሥቶ ወደ ሀገር ቢሰፋ መልካም ነው። ለጎጃም ልጅ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ነጻ ለመውጣት የተደረገው ጉዞ ቅርቡ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በሱዳን ወሰን ባለችው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ጎጃምን አቋርጠው በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገብተዋል። ተማሪዎቹ እነዚህን ቀኖች እንዲሸመድዱ ከማድረግ ይልቅ የቦታዎቹን ስም በወረቀት ጽፈው በግቢው ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ላይ በቅደም ተከተል እንዲሰቅሉ፣ ከዚያም «ንጉሡ ለምን በጎጃም በኩል ገቡ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲፈልጉ ይደረግ። የሱዳን ወሰን መቅረቡንና እንደ በላይ ዘለቀ ያሉ አርበኞች ገጠሩን ይዘው መቆየታቸውን በራሳቸው ከደረሱበት አይረሱትም። ያው ዓመት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት 1941 ተብሎ እንደሚገኝ ዕቅዱ ላይ ማስፈር ግዴታ ነው፤ ካልሆነ ልጁ አንዱን ድርጊት ሁለት አድርጎ ይይዘዋል።

የቤት ሥራው ከአያት ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ ግን በክፍል ውስጥ ተዘጋጅተው፣ «ራስዎ ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?» የሚለው ሳይቀር ይካተት። የታሪክ ትምህርት ልብ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ ለእርሷ ጊዜ አይሰሰት።

ሃይማኖትን በሚመለከት መምህሩ ድንበሩን ማወቅ አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ የእምነት ትምህርት በቤተ ክርስቲያንና በመድረሳ ይሰጣል፤ በትምህርት ቤት የሚታቀደው ግብረ ገብ ነው። ይህ ማለት ግን ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው እምነት አይከበርም ማለት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ወይም ረመዳንን የያዘ ተማሪ ባለበት ክፍል ምግብን የሚጠቀም ጨዋታ ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

የግብረ ገብ ዕቅድ ከስብከት ሳይሆን ከችግር ይጀምር። ለምሳሌ፦ አንድ ልጅ ሲጫወት ከብቶቹ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገቡ፣ ያየው ሰው የለም፤ ምን ያድርግ? ለቡድን ውይይት አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጥ፤ «እውነቱን ቢናገር ይገረፋል» የሚል ተማሪም ዝም አይባል፣ ይህ የልጆቹ እውነተኛ ፍርሃት ነውና። መምህሩ ሐሳቡን የሚሰጠው ከሁሉም በኋላ ነው። በፈተናም «ሁለት መልካም ሥነ ምግባሮችን ጥቀስ» ከማለት ይልቅ ሌላ አዲስ ሁኔታ ቀርቦ ተማሪው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርገው ይጠየቅ፤ ነጥቡም ለምክንያቱ ይሰጥ።