ኩላንት ለበረዶ አገር ብቻ አይደለም፦ ቴስታታችሁ እንዳይበላ

ደብረ ማርቆስ ላይ መፍቻ ከያዝሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከአወረድኋቸው ቴስታታዎች (የሞተር የላይኛው ክፍል) ሁሉ የሚቆጩኝ የውሃ መንገዳቸው ተበልቶ የተጣሉት ናቸው። ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ አንድ ጀሪካን ኩላንት፣ ያድናቸው ነበር።

ባለፈው ክረምት ከሞጣ መስመር አንድ ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ በየቀኑ ውሃ ይጨርሳል፣ የሚያፈስበት ግን አይታይም» አለኝ። ስንፈታው በጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ባለው ማሸጊያ) ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ነቀዝ እንደገባበት በቆሎ ተቦርቡሯል። የውሃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በጥፍር ሲነካ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ኩላንት ይጨምር እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሱ እኮ ለበረዶ አገር ነው» አለኝ። ይህን ቃል በሳምንት ሁለት ጊዜ እሰማዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ያ ልባስ ጋሻው ነው። ጋሻውን ኃይለኛ አሲድ፣ እንደ ካስቲክ ሶዳ ያለ ነገርና ጨው ያለበት ውሃ ይሰብሩታል። ደግሞም ሞተር ውስጥ አሉሚኒየሙ ብቻውን አይደለም። በብዙ ሚኒባስ ላይ ብሎኩ (ፒስተኖቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት ነው፣ የድሮ ራዲያተር መዳብና ናስ ነው። የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው በአንድ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ከእነዚህ መካከል የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ኩላንት ውስጥ ከዋናው ፈሳሽ ከግላይኮሉ ጋር የተቀላቀለው ፀረ ዝገት ይህን ይከላከላል። ያ መድኃኒት ግን ያልቃል፣ ቀለሙ ሳይለወጥም ያልቃል። የቆየው አረንጓዴ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። የጀሪካኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ አረንጓዴና ሮዝ አትደባልቁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተር ክዳን አይነካም፤ ፊት የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ። ከበረደ በኋላ የራዲያተሩንም የብሎኩንም ማፍሰሻ ክፈቱ። ብዙ ሰው ራዲያተሩን ብቻ ያፈስና ግማሹን አሮጌ ውሃ ብሎኩ ውስጥ ይተወዋል። ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ፣ ማሞቂያውን ከፍታችሁ ሞተሩን አሠሩ፣ አብርዳችሁ አፍስሱ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድገሙት። ከዚያ ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ፤ 8 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 4 ኩላንት፣ 4 ውሃ። ተቀላቅሎ የተሸጠ ከሆነ ግን ውሃ አይጨመርበትም። ውሃው የተጣራ ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሞተር ውስጥም ይተወዋል። ለባትሪ የሚሸጠውን ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ።

ቀለም የተነከረ ውሃ ኩላንት ተብሎ ይሸጣል። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ንጹሕ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ከዚህ፣ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ከጎኑ አድርጌ ፀሐይ ላይ እተወዋለሁ። ውሃው ሲደርቅ እውነተኛው ኩላንት ቅባት ያለው እርጥበት ይተዋል። በምላስ አይቀመስም፣ መርዝ ነው።

ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። መኪና ፈልቶ የቆመ ሾፌር ያገኘውን ውሃ ይጨምራል፤ አልፈርድበትም፣ ደጀን ከደረሰ በኋላ ግን ያን ውሃ ማውጣት አለበት። የክዳኑ ነገርም አለ። ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የሚይዘው የክዳኑ ጎማ ከደከመ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል፣ ውሃው ይተናል፣ በቦታው አየር ይገባል። አየርና ውሃ የተቀላቀሉበት አሉሚኒየም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ኩላንት ስትቀይሩ ክዳኑንም እዩት።

ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ከላላ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩን አስነሥታችሁ መብራትና ማሞቂያ ክፈቱ፤ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ አድርጉ። ክዳኑ ግን ሞተሩ በርዶ ሳለ አስቀድሞ ይከፈት። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳውን ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና አጥብቁ።

ስለ እጥበት። ተለማማጅ ሳለሁ ቴስታታ ቶሎ እንዲነጣ ብዬ ካስቲክ ሶዳ ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት ጠቁሮ፣ ገጹ ተቆርጥሞ አገኘሁት። ባለመኪናው እያየኝ የቆምሁበትን ሰዓት ዛሬም አልረሳውም። ላቫጆ ውስጥ ሞተር በካስቲክ ወይም በበረኪና እንዲታጠብ አትፍቀዱ። በበረደ ሞተር ላይ ነጭ ጋዝ በብሩሽ፣ ከዚያ ጨርቅ ይበቃል፤ እሳት ግን አይቅረብ።

ማዳበሪያ የሚጭኑ አይሱዙዎች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፣ በራዲያተሩ ስስ ክንፎች ላይ ተጣብቆም ይበላቸዋል። ጭነቱ በወረደ ዕለት በንጹሕ ውሃ፣ በቀስታ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠቡት። በክረምት ከሥር የተለጠፈውን ዋልካም አብራችሁ አንሡት፤ እርጥበት ይዞ ይከርማል።

አሮጌውን ኩላንት ቦይ ውስጥ አታፍስሱት። ይጣፍጣል፤ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፣ ይገድላልም። እኔ ክዳን ባለው ጀሪካን፣ ምልክት አድርጌበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ።