የስልክ ፎቶ ማስቀመጫ አፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ዲሌት አድርጋችሁ ፈትኑ

ስልኩ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ማለት ሲጀምር ብዙ ሰው ፕሌይስቶር ይገባና ኮከብ የበዛለትን አፕ ያወርዳል። የኮከብ ብዛት ግን ዋናውን ነገር አይነግርም፦ በዚያ አፕ ውስጥ አንድ ፎቶ ስታጠፉ ከስልኩ ብቻ ነው የሚጠፋው ወይስ ኢንተርኔት ላይ ያለውም አብሮ ይሄዳል? ስልክ ሳይሰረቅ የሠርግ ፎቶ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ጋለሪ የሚባሉት፣ ከስልኩ ጋር የሚመጣውም ሆነ እንደ ፎሲፋይ ያለው ለብቻው የሚወርደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ውስጥ ያለውን ከማሳየት አያልፉም። ጉግል ፎቶስና የአፕል አይክላውድ ፎቶስ ስልኩንና ኢንተርኔት ላይ ያለውን ኮፒ ያስተሳስራሉ፤ አንዱ ጋ ያጠፋችሁት ሌላውም ጋ ይጠፋል። ጉግል ድራይቭ፣ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫ ብቻ ናቸው፤ ከስልኩ ብታጠፉም እነሱ ጋ ያለው አይነካም። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛዎቹ፣ በጉግል ፎቶስና በአይክላውድ ነው። «ኢንተርኔት ላይ ስላለ ከስልኬ ላጥፋው» ብሎ ዲሌት የተጫነ ሰው ሁለቱንም አጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም አፕ ከማመናችሁ በፊት ግድግዳ ይሁን ጫማ፣ የማይጠቅም ነገር ፎቶ አንሱ። ባክአፕ እስኪሆን፣ ማለትም ኮፒው ኢንተርኔት ላይ እስኪጫን ጠብቁ፤ ከዚያ በአፑ ውስጥ አጥፉትና በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ብሮውዘር ገብታችሁ አለመኖሩን እዩ። ሌላ ፎቶ ደግሞ ከስልኩ ጋለሪ አጥፉ፤ የዚህ ውጤት ከስልክ ስልክ ሊለያይ ይችላል። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የሆነን ፎቶ ቅርጫት ውስጥ 60 ቀን ያቆያል፣ ያልሆነውን 30 ቀን። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም።

ቦታ ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ባክአፕ የሆነውን ብቻ ከስልኩ ያነሳል። እሱንም ከመጫናችሁ በፊት የባክአፑን ጥራት እዩ። «ስቶሬጅ ሴቨር» ላይ ከሆነ ኢንተርኔት ላይ የተጫነው የተጨመቀው ኮፒ ነው፦ ከ16 ሜጋፒክስል የሚበልጥ ፎቶ ወደ 16 ይወርዳል፣ ከ1080 የሚበልጥ ቪዲዮ ወደ 1080 ይወርዳል። ቁልፉን ስትጫኑ ኦሪጅናሉ ይጠፋል፣ የሚቀራችሁ የተጨመቀው ነው። ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በፎቶ ሥራ የምትተዳደሩ ግን «ኦሪጅናል ኳሊቲ» ምረጡ።

ወደ ቦታው ሂሳብ እንምጣ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጂቢ ነው፤ እሱም ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር በጋራ። ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጨመቀው ፎቶም ይቆጠራል፤ አሁን ደግሞ በአንድሮይድ የዋትስአፕ ባክአፕም ይቆጠራል። አፕል የሚሰጠው 5 ጂቢ ብቻ ነው። አንድ ፎቶ 3 ኤምቢ ነው ብንል 15 ጂቢ 5,000 ገደማ ፎቶ ይይዛል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው፦ በአይፎን 4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀረጽ አንዱ ደቂቃ 170 ኤምቢ አካባቢ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትቀርጹ 15 ጂቢው አለቀ። በ1080 ከሆነ ደቂቃው ወደ 60 ኤምቢ ይወርዳል። ኮታው ሲሞላ ፎቶ መጫን ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ጂሜይላችሁም መቀበል ያቆማል። የኤምባሲ ወይም የቅጥር ኢሜይል ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ረጅም ቪዲዮ ከካሜራ ፎልደር አውጥታችሁ ባክአፕ ያልበራለት ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ሃርድ ዲስክ።

አሜሪካ ያላችሁና አማዞን ፕራይም የምትከፍሉ፣ አማዞን ፎቶስ ፎቶን በሙሉ ጥራት ያለገደብ እንደሚያስቀምጥላችሁ እወቁ፤ ለቪዲዮ ግን 5 ጂቢ ብቻ ነው።

ጉግል ፎቶስን ከመረጣችሁ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ምስላችሁን ነክታችሁ ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ባክአፕ ግቡ። መጀመሪያ የምታዩት የትኛው አካውንት ላይ እንደሚጭን ነው። ስልክ ሲገዛ የሱቁ ልጅ የከፈተላችሁ ጂሜይል ከሆነ ፓስወርዱን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ስልኩ የጠፋ ቀን ፎቶው ተቀምጦም አይገኝም። አንድም ፎቶ ሳትጭኑ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ የራሳችሁን ስልክ ቁጥርና መጠባበቂያ ኢሜይል አስገቡ። ቀጥሎ በሞባይል ዳታ መጫኑን ዝጉ። ቀጥሎ የፎልደሮቹን ዝርዝር ክፈቱና የዋትስአፕንና የቴሌግራምን ማብሪያ ዝጉ፣ ፎልደሩን ዲሌት አታድርጉ፤ አለበለዚያ አበባ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ሁሉ ከልጆቻችሁ ፎቶ ጋር ቦታ ይሻማል።

የመጀመሪያው ጭነት ረጅም ነው። 10 ጂቢ በ2 ሜጋቢት የመጫኛ ፍጥነት 11 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ዋይፋይ ላይ ተዉት። እንደ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ባሉ ስልኮች የባትሪ ቆጣቢው ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ስለሚዘጋው፣ ጠዋት ተነስታችሁ ጭነቱ 3 በመቶ ላይ ቆሞ ብታገኙት አትደነቁ። በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ለፎቶስ ገደቡን አንሱለት፣ ቻርጀር ላይም ሰኩት።

ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ የሚያከማች ብዙ ሰው አለ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፣ ከምስሉ ጋር የተያዘው የተነሳበት ቀንም ይጠፋል፤ «ፋይል» በሚለው ላኩት፣ እስከ 2 ጂቢ ይቀበላል። ለረጅም ጊዜ ያልተገባበት አካውንት ራሱን እንደሚያጠፋም አትርሱ፤ ጊዜው ፕራይቬሲ ውስጥ ይስተካከላል። እንደ ተጨማሪ ኮፒ ይሁን እንጂ ፎቶውን በተነሳበት ሳይሆን በተላከበት ቀን ስለሚደረድር አልበም አይሆንም።

አልበም ስትሰይሙ ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቡ። «ጥምቀት 2017» ያላችሁት አልበም ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ቀናቸው ጃንዋሪ 2025 ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ስሙ ላይ ጻፉ። አጻጻፋችሁም አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ፀሐይ» ብላችሁ የሰየማችሁትን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ላይመጣ ይችላል።

የትኛውንም አፕ ብትመርጡ ከእሱ ውጭ አንድ ኮፒ ይኑራችሁ። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ፣ «ፋይል ትራንስፈር» በሉ፣ ዲሲአይኤም የሚባለውን ፎልደር ኮፒ አድርጉ፤ ከት አታድርጉ፣ መሀል ላይ ኬብሉ ከተነቀለ ፎቶው ከሁለቱም ወገን ሊበላሽ ይችላል። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 የሚባለው ከሆነ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ ቪዲዮ አይቀበልም፤ ባዶ ሳለ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። የአይፎን ፎቶ የቆየ ዊንዶውስ ላይ አልከፈት ካለ በስልኩ ሴቲንግ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ የምታነሱት ጄፔግ ይሆናል፣ የቀድሞዎቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።

ከጉግል መውጣት ስትፈልጉ ቴክአውት የሚባለው አገልግሎት ሁሉንም በዚፕ ያወጣላችኋል። ከየፎቶው ጎን ጄሰን የሚባል ትንሽ ፋይል ታያላችሁ፤ አትጣሉት፣ በእጃችሁ ያስተካከላችሁት ቀንና መግለጫ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።