ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ሲኒ መስጠት

ኮምቦልቻ ለሚገኝ የእህል መጋዘን የደረሰኝ ማውጫ ፕሮግራም በጃቫ ሠርቼ ነበር። አንድ የሚዛን ሠራተኛ ብቻውን ሲጠቀምበት ደህና ነው፤ ሁለት ሠራተኞች እኩል ሲጫኑት ግን ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ቀን ይዛባል። ደሴ ተቀምጬ ሦስት ቀን ፈለግሁት። ለካ ቀን የሚጽፈውን ሲምፕል ዴት ፎርማት የተባለ ኦብጀክት ትሬዶቹ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱት የሥራ መስመሮች) ሁሉ በጋራ ይዘውታል፤ እርሱ ደግሞ በሚሠራበት ጊዜ የራሱን ይዘት ስለሚለውጥ አንዱ የጀመረውን ሌላው ያበላሽበታል።

ቡና ሲፈላ ጀበናው የጋራ፣ ሲኒው የየራስ ነው። ትሬድ ሎካል ማለትም ይኸው ነው፦ ስሙ አንድ፣ ዋጋው ግን ለእያንዳንዱ ትሬድ የተለየ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል)።

መጀመሪያ ዳታውን ለዩ። የመጋዘኑ ጠቅላላ ክምችት ጀበናው ነው፤ ለየትሬዱ ከተከፋፈለ ትክክለኛውን ድምር የሚያውቅ አይኖርም፤ እርሱን በሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያስገባ ቁልፍ) ጠብቁት። የማይለወጥ ኦብጀክት ካለም መለየት አያስፈልግም፦ ቀኑን ያቃናሁት ከጃቫ 8 ጀምሮ ባለው ዴት ታይም ፎርማተር ነው፤ እርሱን ሁሉም ቢጋሩት ችግር የለም። ለየብቻ መቀመጥ ያለበት ለምሳሌ አሁን የሚስተናገደው ሰው ማንነት ነው።

ቀጥሎ ተለዋዋጩን አውጁ። በጃቫ ስታቲክ ፋይናል አድርጋችሁ በዊዝ ኢኒሻል ፍጠሩት። የምትሰጡት ፈንክሽን እያንዳንዱ ትሬድ ዋጋውን ለመውሰድ መጀመሪያ ጌት ሲል ይጠራል፤ ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ኦብጀክት ይፍጠር። ቀድሞ የተሠራውን ከመለሰ ሁሉም ከአንድ ሲኒ ይጠጣሉ። በሲ ፕላስ ፕላስ ከ2011ዱ ደረጃ ወዲህ ትሬድ ሎካል የሚለውን ቃል ከተለዋዋጩ ፊት መጻፍ ይበቃል። በፓይተን ትሬዲንግ ሎካልን ስትጠቀሙ ዋናው ትሬድ ያስቀመጠውን ሌሎቹ አያገኙትም፤ እያንዳንዱ ከማንበቡ በፊት የራሱን ያስቀምጥ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስተው ነገር እንምጣ፤ ማጠቡ። ሰርቨር ላይ ትሬድ አንድ ደንበኛ አስተናግዶ አይሞትም፤ ትሬዶች ቀጣይ ሥራ ወደሚጠብቁበት ትሬድ ፑል ተመልሶ ሌላውን ይቀበላል። ሲኒው ካልታጠበ የፊተኛው ሰው ማንነት ለኋለኛው ይቀርባል። ይህ የሰው ገመና ነው፤ ከተዛባ ቀን እጅግ ይከፋል። ሥራው በስህተት ቢቋረጥም እንኳ መታጠቡ እንዳይቀር የትሬዱን ዋጋ የሚያጠፋውን ሪሙቭ የሚለውን ትእዛዝ ፋይናሊ (ስህተት ቢመጣም የሚፈጸም የኮድ ክፍል) ውስጥ አስገቡ።

ለመፈተን አንድ ትሬድ ብቻ ያለው ፑል ክፈቱና ሁለት ሥራ በተከታታይ ስጡት፦ የመጀመሪያው ስም ያስቀምጥ፣ ሁለተኛው ያንብብ ብቻ። ሁለተኛው ያንን ስም ካገኘው ሪሙቭ የቀረበትን ቦታ ፈልጉ።