ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና እንዴት ይታጠባል?

ፊልም ለማጠብ የግድ ፎቶ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የሚሟሟ ቡና፣ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ካላችሁ ዋናው ነገር ተሟልቷል። ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ዶክተር ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቻቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ሞክረውት ሠርቷል። ዘዴው ካፌኖል ይባላል።

ፊልሙን የሚያጥበው ካፌይኑ አይደለም፤ ካፌይክ አሲድ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ካፌይን የወጣለት ቡናም ስለዚህ ያጥባል። ለቡና አገር ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገር ግን አለ። ይህ አሲድ ከአረቢካ ይልቅ በሮቡስታ ይበዛል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ርካሹን የሚሟሟ ቡና ግዙ፤ ይርጋጨፌውን ለእንግዳ አስቀምጡት። ወተትና ስኳር የገባበት ግን አይሆንም። የጀበና ቡናስ? ማጠቡን ያጥባል፤ ችግሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ዛሬ የተሳካውን ነገ መድገም አይቻልም።

ካሜራውን ፈትሹ

ቤት ውስጥ የቆየ ዘኒት ኢ ካለ በጣም ጥሩ። ይህ የሶቪየት ካሜራ ባትሪ አይፈልግም። ፊልም ከመክተታችሁ በፊት ጀርባውን ከፍታችሁ፣ ሌንሱን አውልቃችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት። የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለአፍታ አስገብቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ጨርቅ ቀዳዳ ካለው ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ያሉትን የሻተር ፍጥነቶች አንድ በአንድ ሞክሩ። በ1/30 እና በ1/500 መካከል ልዩነት ካልሰማችሁ ሻተሩ ሰንፏል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ ሁለት የአፐርቸር (የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ) ቀለበት አለው። አንዱ ቁጥሩን ይመርጣል፤ ሌላው ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከፍታችሁ ፎከስ አድርጉ፣ ዘግታችሁ አንሱ። የብርሃን መለኪያው በዕድሜ ይደክማልና አትመኑት። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (የፊልሙ የብርሃን ንቃት ቁጥር) 100 ፊልም፣ አፐርቸር 16 እና 1/125 ይበቃል። ጥላ ውስጥ አፐርቸሩን ወደ 5.6 ወይም 4 ክፈቱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፎማፓን 100፣ ኬንትሜር 100 ወይም ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ ይሻላል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ፊልሙን በእጁ ይያዝ፤ ኤርፖርት ላይም በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ።

ሶዳውን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ሶዳ አሽ የሚባለው። ከአብጃታ ሐይቅ ሲመረት የቆየውም ይኸው ነው። ካጣችሁት የዳቦውን ቤኪንግ ሶዳ ትሪ ላይ በትናችሁ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለትና ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። ክብደቱ ከሲሶ በላይ ስለሚቀንስ መመዘን ያለበት ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው። ዱቄቱ ቆዳና ዓይን ይለበልባል፤ ጓንት አድርጉ።

ለግማሽ ሊትር ውሃ 27 ግራም ሶዳ፣ 8 ግራም ንጹህ የቫይታሚን ሲ ዱቄትና 20 ግራም ቡና መዝኑ። በማንኪያ አትገምቱ። ትንሽ የዲጂታል ሚዛን የግድ ነው።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ሶዳው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይሟሟ። ቀጥሎ ቫይታሚን ሲው ይግባ፤ ትንሽ አረፋ ያወጣል። መጨረሻ ላይ ቡናው። አረፋው እስኪሰክን አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። ሽታው የቡና ሽታ እንዳይመስላችሁ። ይከረፋል፤ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚያ ዕቃ ማንም ምግብ አይሥራበት።

የፈሳሹ ሙቀት 20 ዲግሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ግን በሙቀቱ ወራት በረዶ ያስፈልጋችኋል፤ የቧንቧው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው።

ማጠብ

ፊልሙን በታንኩ (ብርሃን በማያስገባው የማጠቢያ ዕቃ) ጥቅልል ላይ መጠምጠም በጨለማ የሚሠራ ሥራ ነው። አስቀድማችሁ በተበላሸ ፊልም መጀመሪያ እያያችሁ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱ። የምትሠሩበት ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። እጃችሁ ከታያችሁ ገና አልጨለመም። ፊልሙ ገብቶ ታንኩ ከተከደነ በኋላ ያለው ሁሉ በብርሃን ይሠራል።

ቡናውን ጨምሩና ለ15 ደቂቃ አቆዩት። የመጀመሪያውን ደቂቃ በቀስታ እየገለበጣችሁ፣ ከዚያ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ ብቻ ገልብጡ። በኃይል መናጥ አረፋ ያመጣል፣ አረፋው ደግሞ ነጠብጣብ ይተዋል። ሰዓቱ ሲሞላ ቡናውን ድፉና ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ።

ቀጥሎ ፊክሰር፤ ፎቶው ብርሃን ሲያገኝ እንዳይበላሽ የሚያጸናው ፈሳሽ። እዚህ ላይ የወጥ ቤት ብልሃት አይሠራም፤ ፊክሰሩ የግድ ይገዛል። የኢልፎርድ ራፒድ ፊክሰር ከሆነ አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ በጥብጡና እስከ አምስት ደቂቃ አቆዩት። አትድፉት፣ ደጋግሞ ይሠራል። ሲደክምም ከፊልሙ የወጣ ብር ስላለበት ፍሳሽ ውስጥ አይደፋም።

ፊክሰሩን ከፊልሙ ለማጥራት ታንኩን በውሃ ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡና ድፉ። በአዲስ ውሃ 10 ጊዜ፣ እንደገና በአዲስ ውሃ 20 ጊዜ። የውሃ መጥፋት ለለመደ ቤት ይህ ዘዴ ከቧንቧ ሥር ከማቆየት በእጅጉ ይሻላል። አቧራ በሌለበት ስቀሉት፤ ከታች የልብስ መቆንጠጫ ያዝለት። ቡናው የሚተወው ቡናማ ቅላት አያስደንግጣችሁ፣ ያለ ነው።

ሲደርቅ ከፎቶዎቹ በፊት የፊልሙን ጠርዝ እዩ። እዚያ ያሉትን ቁጥሮችና ፊደላት ፋብሪካው ቀድሞ ያተማቸው ናቸው፤ የሚወጡት ግን ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ቁጥሮቹ ጥቁር ሆነው ፎቶዎቹ ከሳሱ ችግሩ ካሜራው ወይም ብርሃኑ ነው። ቁጥሮቹም ከሳሱ ቡናው ደክሟል፣ ወይ ሙቀቱ አንሷል። ቁጥሮቹ ደምቀው ፎቶ ጭራሽ ከሌለ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም፣ ወይ ሻተሩ አልተከፈተም። ቁጥርም ፎቶም ከሌለ ግን ፊክሰሩ ከቡናው ቀድሞ ገብቷል፣ ወይ ቡናው ጭራሽ አልሠራም።