የፋንታሲ መጽሐፍ ስታነቡ የቀለሞችን ትርጉም እንዴት መከታተል ይቻላል

ኢንተርኔት ላይ «ነጭ ንጽሕና ነው፣ ቀይ ቁጣ ነው» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ፣ ልታነቡ ከሆነ ተዉአቸው። የቀለሙን ትርጉም የሚነግራችሁ መጽሐፉ ራሱ ነው። አሠራሩን በእንግሊዛዊው ደራሲ በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ላይ እንየው፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ የወጣ ሥራ ነው።

1. አንድ ቀለም ብቻ ምረጡ

ሁሉንም ልከታተል ካላችሁ ንባቡ ይበላሻል። ለዛሬ ነጭን እንያዝ። ነጭ በመጣ ቁጥር ገጹንና ቀለሙ ማን ላይ እንዳለ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፉ። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ ደብተር ተጠቀሙ።

2. ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ቆም በሉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጭ ለባሹ የአስማተኞቹ አለቃ ሳሩማን ነው። ሌላው አስማተኛ ጋንዳልፍ ግራጫ የለበሰ መንገደኛ ነው። ጋንዳልፍ ሳሩማን ዘንድ ሲደርስ ግን፣ ነጭ ይመስል የነበረው ካባ ከብዙ ቀለማት የተሸመነ ሆኖ ያገኘዋል። ሳሩማን በተንቀሳቀሰ ቁጥር መልኩ ይለዋወጣል። እሱም ይኮራበታል። ነጭ ለመነሻ ያህል ነው፤ ነጭ ጨርቅ ይነከራል፣ ነጭ ገጽ ይጻፍበታል፣ ነጭ ብርሃንም ይሰበራል ባይ ነው። ጋንዳልፍ ደግሞ፣ አንድን ነገር ምንነቱን ለማወቅ ብሎ የሚሰብር ሰው የጥበብን መንገድ ትቷል ይለዋል። ይህን ምልልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከመላው መጽሐፍ ስለ ቀለም እንዲህ የጠለቀ ንግግር አላገኘሁም።

በኋላ ጋንዳልፍ ሞሪያ በሚባል የምድር ውስጥ ከተማ ባልሮግ ከሚባል የእሳት ጭራቅ ጋር ተያይዞ ገደል ይገባል። ሞቶ ሲመለስ ነጭ ለብሷል፤ ሳሩማን መሆን የነበረበትን ሰው ሆኖ። እንግዲህ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነጭ አደራ ነው። አንዱ ይጥለዋል፣ ሌላው ያነሳዋል።

3. ግምታችሁን የሚያፈርስ ማስረጃ ፈልጉ

ኦርክ የሚባሉት የሳሩማን ጭራቅ ወታደሮች ጋሻ ላይ ያለው ምልክት ነጭ እጅ ነው። በአንጻሩ ከክፉዎቹ ጋር የሚዋጋው የሰዎች መንግሥት የጎንዶር ግንብ ጠባቂዎች ጥቁር ይለብሳሉ፤ ደረታቸው ላይ ነጭ ዛፍ ተጠልፏል። አርዌን ለእጮኛዋ፣ ለጎንዶር ዙፋን ወራሽ ለአራጎርን የሠራችለት ሰንደቅም መደቡ ጥቁር ነው። እኛ ጥቁር ልብስ ስናይ ቶሎ ሐዘን ትዝ ይለናል። ጎንዶር ውስጥ ግን ክብር ነው። ያደግንበትን ትርጉም ይዘን ስለምንገባ ይህን እርምጃ መዝለል አያዋጣም።

4. ቀለሙ ወደ ሰው ቆዳ ሲሻገር በደንብ ጠይቁ

ቶልኪን ከመጽሐፉ ዋና ጠላት ከሳውሮን ጎን የሚሰለፉትን የደቡብ ሰዎች ጠይምና ጥቁር አድርጎ ስሏቸዋል። ይህን አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ከጎኑ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኡርሱላ ሌ ጉዊንን እ.ኤ.አ. የ1968 የፋንታሲ ሥራ «አ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» አስቀምጡ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌድ ቀይ ዳማ ነው፤ ጓደኛው ቬች ጥቁር ነው። ወራሪዎቹ ካርጎች ናቸው ነጮቹ። ጌድን የሚያሳድደው ጥላ ጥቁር ቢሆንም፣ ጌድ መጨረሻ ላይ በገዛ ራሱ ስም ይጠራዋል። ጨለማው ከሌላ ሕዝብ አልመጣም፤ የራሱ ነው።

5. ያገኛችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«በዚህ መጽሐፍ ነጭ እንዲህ ነው፤ ምክንያቱም…» ብላችሁ ጀምሩ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ጥቀሱ። ሦስት ካልሞላ ቀለሙ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ተቀበሉ። አንዳንዴ አረንጓዴ ሣር፣ ሣር ነው።

ከዚያ ወደ ሁለተኛ ቀለም እለፉ። ለቶልኪን ግራጫን እመክራለሁ። የጋንዳልፍ የመጀመሪያ ካባ ግራጫ ነው፣ ተጓዦቹን ከጠላት ዓይን የሚሰውሩት፣ ሎሪየን በሚባለው ደን የተሰጧቸው ካባዎች ግራጫ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ መርከቦች የሚነሱበት ወደብም ስሙ ግራጫ ነው። ሦስቱ ምን እንደሚያገናኛቸው ራሳችሁ ፈልጉት።