የተጫነው ሁሉ እየሠራ አይደለም፦ ሰርቨር ስናስተዳድር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ የአንድ ክሊኒክ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ነው። ኔትወርኩንም ፕሪንተሩንም የሚያየው ያው ሰው ነው። የሚያማክረው ባልደረባ አጠገቡ ስለሌለ ማሽኑን ራሱን በትክክል መጠየቅ ማወቅ አለበት። ደቢያንና ኡቡንቱ የተባሉትን የሊኑክስ ሲስተሞች በሚጠቀሙ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

የመጀመሪያው፣ አፕት በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ «አፕት አፕዴት» ብሎ ሰርቨሩን አሻሻልኩ ማለት ነው። ይህ ትዕዛዝ ምንም አይጭንም። ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል። የሚጭነው «አፕት አፕግሬድ» ነው።

ሁለተኛው፣ ይህንኑ ሥራ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በትዕዛዝ ማስተዳደሪያ) ገብቶ እንዲሁ ባዶውን ማስኬድ። ሳቢያን ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ ሆትስፖት ከዚራ ሰፈር ያለውን ሰርቨር እያሻሻላችሁ ነው እንበል። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሥራውም አብሮ ሊቆም ይችላል፤ ፓኬጁ (የሚጫነው ፕሮግራም ጥቅል) ተፈትቶ ሳይዋቀር መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ ወይም ስክሪን የሚባል፣ ሥራን ሰርቨሩ ላይ ይዞ የሚያቆይ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ትዕዛዙን እዚያ ውስጥ ስጡ። ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ሰርቨሩ ራሱ መብራት ከጠፋበት ግን ቲመክስም አያድነውም፤ ዩፒኤስ፣ ማለትም የባትሪ መጠባበቂያ፣ ያስፈልጋል። ተቋርጦ ከደረሳችሁበት፣ ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆችን የሚጭነው «ዲፒኬጂ» ከ«ኮንፊገር» አማራጩ ጋር የቀረውን ይጨርሰዋል። እባካችሁ ሎክ ፋይሉን (ሁለት ጭነት በአንድ ጊዜ እንዳይሄድ የሚከለክለውን ፋይል) ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሌላ ጭነት እየተካሄደ ሊሆን ስለሚችል እየሄዱ ያሉ ሥራዎችን በሚያሳየው «ፒኤስ» አጣሩ።

ትልቁ ስህተት ግን የተጫነውን እየሠራ ነው ብሎ ማመን ነው። «ዲፒኬጂ ሰረዝ ኤል» የሚነግረን ዲስክ ላይ ያለውን ነው። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ኮድ) ዛሬ ብታሻሽሉ፣ ከትናንት ጀምሮ የተነሳው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ኤንጂንኤክስ አሮጌውን ላይብረሪ ሚሞሪ ውስጥ ይዞ ይቀጥላል። ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ የደህንነት ቀዳዳው ክፍት ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነልም እንዲሁ ነው። አዲሱ ተጭኖ ሳለ «ዩኔም ሰረዝ አር» ስትሉ የድሮውን ቁጥር ካያችሁ ሪቡት አልተደረገም ማለት ነው። ኒድሪስታርት የሚባለው መሣሪያ የትኛው ሰርቪስ መነሳት እንዳለበት ይነግራችኋል። ሪስታርቱን ለሌሊት ከማቆየት ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ ሲያርፍ ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ቢበላሽ እናንተም ነቅታችኋል፣ የሚደወልለትም ሰው አይተኛም።

የቨርዥን ቁጥር ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ክፍተት ሲገለጥ የኦፕንኤስኤስኤል አዘጋጆች ያስተካከሉት 1.0.1ጂ በሚለው እትም ነበር። ደቢያን ግን ማስተካከያውን ወስዶ እዚያው 1.0.1ኢ ላይ ጨመረው። ፊደሏን ብቻ ያየ ሰው የተደፈነውን ክፍተት ክፍት ነው ይላል። እና በእጁ ሌላ እትም ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ያንን አፕት አያሻሽልለትም። የፓኬጁን ሙሉ ቁጥር እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ «አፕት ቼንጅሎግ» ብላችሁም ምን እንደተስተካከለ እዩ።

በዚያው ልክ፣ ዲፒኬጂ ያልዘረዘረው ሁሉ የለም ማለት አይደለም። በፒፕ፣ በስናፕ ወይም በዶከር፣ ማለትም በሌሎች የፕሮግራም ማስገቢያ መንገዶች፣ የገባው እሱ ጋ አይታይም። እያንዳንዱን በራሱ ትዕዛዝ ጠይቁ።

ከሩቅ ሆኖ ፋየርዎል ማብራትም አለ። የኡቡንቱን ፋየርዎል መቆጣጠሪያ ዩኤፍደብሊውን «ኢነብል» ከማለታችሁ በፊት ኤስኤስኤችን ፍቀዱ። ካልሆነ ቀጣዩ መግቢያችሁ ይዘጋል፤ ባጃጅ ይዛችሁ እስከ ሰርቨሩ መሄዳችሁ ነው።

የመጨረሻው የእኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ፈልጎ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ 8 የሚጽፍ አለ። የኪራይ ሰርቨሮች ብዙዎቹ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚሄዱት፤ እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ባክአፑ የሚነሳው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ክሊኒኩ በታካሚ ሲሞላ ነው። 2 ብሎ የጻፈም ቢሆን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያገኘዋል። በዩቲሲ ትክክለኛው ቁጥር 23 ነው። ክሮኑን ከመንካታችሁ በፊት «ዴት» ብላችሁ ሰርቨሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠይቁት።